የአያቶቻችንን ቃል ስለ መቅረጽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ነገር የአያቶቻችንን ቃል በፊልም ስለ መቅረጽ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህማ የጨዋታ ነገር አይደለምን? ልጅ ሁሉ በስልኩ ሥዕል ሲያነሣ ይውል የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም ስንጀምር እንደ ጨዋታ ቆጥረነው ነበር። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል፤ አንድ ጊዜ በመዘግየት፤ አንድ ጊዜም በመቸኮል። ጨዋታ አለመሆኑን ያወቅነው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ የምንኖርባት ደብረ ሲና ሁለት አገር የምታይ ከተማ ናት። ጉም ባልሸፈነን ቀን ወደ ላይ ብንመለከት ጣርማበርና የደጋው ብርድ አለ፤ ወደ ታች ብንመለከት ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ በሙቀት ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ በዚህ ያልፋል፤ ቆሎ ገዝቶም ይሄዳል። ይኸው መንገደኛ የሚያልፍበትን የጣርማበር ዋሻ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች እንዳስፈለፈሉት፤ ርዝመቱም 587 ሜትር እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ሊያነብ ይችላል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ በዚህ አቀበት መንገዱ ፈርሶ ስለ ጠበቀው መኪናዎቹ መቆም ግድ እንደ ሆነባቸውም ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ ሰሞን በደብረ ሲና ገበያ እህል ስንት እንደ ተሸጠ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ የትኛው ጫካ እንደ ሸሹ፤ ማታ ማታ ምን እየተባባሉ እንደ ተኙ በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? ይህ የሚገኘው በሰው አፍ ነው። ያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ወደ መቶ ዓመት ይጠጋል።

የሽማግሌ ቃል ታሪክ አይሆንም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት ያሳስታል፤ የሰማውንም ካየው ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሆኖም ከእኛ ሩቅ ያልሆነውን የመንዝን ዘረት እንመልከት። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዚያ በዋሻ ተጠልለው የነበሩትን አርበኞች፤ ከእነርሱም ጋር የነበሩትን ሴቶች፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷቸዋል። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ የጣሊያን ታሪክ ተመራማሪ ከጦር መዝገብ ያገኘውን ይዞ በ2006 እ.ኤ.አ. ዋሻው ድረስ እስኪመጣ ነገሩ በውጭው ዓለም እምብዛም አይታወቅም ነበር። የአገሩ ሰው ግን ዋሻውን አልረሳውም፤ አመጸኛ ዋሻ እያለ ሲጠራው ኖሯል። እንግዲህ መዝገቡና የሰው ቃል 67 ዓመት ያህል ተለያይተው ቆይተው በመጨረሻ ተገናኙ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የዐይን ምስክሮች አንድ በአንድ አልፈዋል። አንድ ተማሪ ቀደም ብሎ ደብተር ይዞ ቢጠይቃቸው ኖሮ ምን ያህል ነገር ይተርፍ ነበር!

ድምፅን የመቅዳት ጥበብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ለዐፄ ምኒልክ ልከው ነበር። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በተከታዩ ዓመት በገዛ ድምፃቸው መልስ ሰጥተዋል፤ ይህም ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል። የንግሥቲቱ ድምፅ ግን የለም፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ራሳቸው አስቀድመው አዝዘው ነበርና። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በእኛም ዘመን የቤተሰባቸውን ቃል ለመጠበቅ የደከሙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር በ1946 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ያደገው በተረትና በቴአትር መካከል ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ስለ ጎንደር አርበኞችም «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ልጅየውም ፊልም ሠሪ ሆኖ በ1999 እ.ኤ.አ. «አድዋ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ከሥዕሉና ከዜማው ጋር የሽማግሌዎችን ቃል አስገብቶበታል። አባት በብዕር የጀመረውን ልጅ በካሜራ ቀጠለው።

ጋዜጠኛዋ አይዳ እደማርያም ደግሞ የሴት አያቷን የወይዘሮ የተመኙን ቃል ለብዙ ዓመታት በአማርኛ በድምፅ መቅጃ ስትቀዳ ቆይታ በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው፤ በሚቀጥለውም ዓመት በለንደን የኦንዳትጄ ሽልማት ተሰጠው። ወይዘሮ የተመኙ የጎንደር ሴት ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው ለካህን ተዳሩ፤ የጣሊያንን ዘመን፤ የንጉሡን ዘመንና የደርግን ዘመን አይተዋል። ሹመት አልነበራቸውም፤ ጦርም አልመሩም። ነገር ግን አንዲት የልጅ ልጅ ተቀምጣ ስለ ሰማቻቸው ጎንደርን አይቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ እንኳ ዛሬ ስለ ጓዳቸው ያነባል።

ሦስተኛዋ ታማራ ዳዊት ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሲሆን እርሷ ያደገችው በካናዳ ነው። አክስቷ ሰላማዊት በአብዮቱ ጊዜ ኢሕአፓን ተቀላቅላ ከጠፋች በኋላ ቤተሰቧ ዳግመኛ አላያትም፤ በቤቱም ስለ እርሷ ብዙ ዘመን ሳይወራ ቀረ። ታማራ ካሜራ ይዛ አያቷንና አክስቶቿን ጠየቀች፤ ያም በ2020 እ.ኤ.አ. «ፋይንዲንግ ሳሊ» የሚባል ፊልም ሆነ፤ ሳሊን ፍለጋ ማለት ነው። እኛ ከዚህ የተማርነው በየቤታችን ግድግዳ ላይ ማን እንደ ሆነ ሳይነገረን የኖርነው ፎቶግራፍ ሊኖር እንደሚችል ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ታላቁ ፊልም ሠሪ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1994 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው ድርጅት ከናዚዎች እልቂት የተረፉ አይሁዶችና ሌሎች ምስክሮች ከ50,000 በላይ ቃላቸውን በቪዲዮ ሰጥተዋል። ሥራው በፍጥነት የተሠራው ምስክሮቹ እያረጁ ስለ ሄዱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ስምንት ሆነን ተሰባስበን፤ አንድ ደኅና ስልክ፤ አንዲት በልብስ ላይ የምትሰካ ማይክሮፎንና አንድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይዘን ሥራ ጀመርን። በመጀመሪያ ልንቀርጻቸው ያሰብነው የአንዱ ጓደኛችን ወንድ አያት በሸዋ ሮቢት በኩል በቆላው የሚኖሩ ነበሩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በትንባሆ እርሻው ላይ የሠሩ፤ የሮቢን ወንዝ ሙላት ከነዓመቱ የሚያውቁ፤ ከአርጎባውም ከአፋሩም ከኦሮሞውም ጋር በየቋንቋው የሚገበያዩ ነበሩ። እኛ ግን «ፈተናው ይለፍ» አልን። ፈተናው አለፈ፤ «መንገዱ ይድረቅ» አልን። መንገዱ ሳይደርቅ አያትየው ዐረፉ።

ለቅሶ ስንደርስ ያየነውን አንረሳውም። በድንኳኑ ውስጥ አንዱ ስለ እርሻው ይናገራል፤ ሌላው ስለ ወንዙ፤ አንዲት ሴት ደግሞ በልጅነታቸው እንዴት እንደ ዘፈኑ ትናገራለች። እያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጭ ይዟል፤ ሙሉውን የያዘ ግን የለም። ጓደኛችን በስልኩ ውስጥ ሲፈልግ አንድ ነገር አገኘ፤ ባለፈው በዓል ለጨዋታ ያነሣት የዐሥራ ሁለት ሰኮንድ ቪዲዮ ናት። በእርሷም ውስጥ አያቱ እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተው «ልጄ፤ ይህን ነገር ከፊቴ አንሣልኝ» ይላሉ። የሰማንያ ዓመት ሰው፤ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው፤ የተረፈው ድምፁ ይህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስሕተታችን እንግዲህ ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሳንውል ሳናድር ወደ ሌላ ቤት ሄድን። የአንዲት የክፍላችን ልጅ ሴት አያት በዚሁ በከተማችን ለመንገደኛ ቆሎ በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ካሜራውን ይዛ ቆመች፤ እኛም ጥያቄውን በወረቀት ጽፈን ነበርና «እማማ፤ የሕይወት ታሪክዎን ከልደትዎ ጀምረው በዝርዝር ቢገልጹልን» ብለን አነበብንላቸው። እማማም ነጠላቸውን አስተካክለው «ምን ታሪክ አለኝ? ወለድኩ፤ ፈጨሁ፤ ቆላሁ፤ አለቀ» አሉ። ቀጥለን ስንጠይቃቸው ስማቸውን፤ የአባታቸውን ስም፤ የልጆቻቸውን ቍጥር ብቻ መለሱ። በመጨረሻም «የቀበሌ ሰው መሰላችሁብኝ እኮ» አሉን። እኛ ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ቤት ትተን ሄድን። እማማ ለገበያ ገብስ ሊቆሉ ምጣዱን ጥደው ደረስን። አንደኛችን እንጨት አቀበለ፤ አንዷም ገብሱን ለቀመች፤ ካሜራውም ከጎን ቆሞ ነበር። ገብሱ መንጣጣት ሲጀምር እርሳቸውም መናገር ጀመሩ። ቆሎ መብሰሉ በዐይን ሳይሆን በጆሮ እንደሚታወቅ ነገሩን፤ ድምፁ ሲለዝብ ምጣዱን ማውረድ ያስፈልጋል አሉ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ 1977 ዓ.ም. ሄዱ።

ስለ 1977 ዓ.ም. ድርቅ በክፍል ተምረናል። መንግሥት ከወሎ፤ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፤ ወደ ኢሉባቦር፤ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል እንዳሰፈረ፤ ብዙው ሰው ሳይወድ እንደ ተወሰደ፤ በበሽታ የሞተም በእግሩ ተመልሶ የጠፋም ብዙ እንደ ነበረ አንብበናል። ከእነዚያ ሰዎች አንዷ በየቀኑ ቆሎ የምትሸጥልን ሴት መሆኗን ግን አናውቅም ነበር። በዚያ ጊዜ ስም የሚጽፍ ሰው መጥቶ ስማቸውን፤ የአባታቸውን ስምና የልጆቻቸውን ቍጥር ጠይቋቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለምን እንዳልሳቁ ያን ጊዜ ገባን።

ከዚህ በኋላ እማማ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንደ ነበረ ዛሬ አንናገርም። ልጆቻቸው እንኳ ሰምተውት የማያውቁት ነገር ነበር። ሲጨርሱ ማንም አልተነፈሰም፤ ምጣዱንም ያስታወሰው ስላልነበረ ገብሱ አረረ።

በማግሥቱ ጧት፤ ከተማው ገና በጉም ውስጥ ሳለ፤ እማማ ወደ ትምህርት ቤታችን በር መጡ። የልጅ ልጃቸውን አስጠርተው «ትናንት የተናገርሁትን ከዚያ ከሣጥናችሁ አውጡልኝ። አፌ አምልጦኝ ነው። እኔ ስሞት ልጆቼ ከቴሌቪዥን እንዲሰሙት አልፈልግም» አሉ።

እኛ ተከፋፈልን። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ታሪክ ነው፤ ታሪክ አይደመሰስም፤ ቆላ የነበሩትን አያት በመዘግየት አጣን፤ አሁን ደግሞ ያገኘነውን በገዛ እጃችን ልናጠፋ ነውን?» አለ። ሌላው «ዛሬ እንደብቀውና ካረፉ በኋላ እናውጣው» አለ። ይህ ምክር ለጊዜው ለብዙዎቻችን መልካም መስሎን ነበር። የልጅ ልጃቸው ግን «ካሜራው የእኔ ነው፤ ቃሉ የእርሳቸው ነው። ሳያውቁት ብንደብቀው ስማቸውን ጽፎ ከወሰዳቸው ሰው በምን እንለያለን?» አለች። ለዚህ መልስ ያገኘ አልነበረም። አስቀድመን ያነሣነውን የንግሥት ቪክቶሪያን ነገር ያስታወስነውም ያን ጊዜ ነው። ንግሥት የገዛ ድምፅዋ እንዲጠፋ ማዘዝ ከቻለች፤ ቆሎ ሻጭስ ለምን አትችልም?

ልንደመስሰው ተስማማን፤ ሥራው ግን እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ፊልሙ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ሦስት ስልክና ወደ አንድ ፍላሽ ተገልብጦ ነበር። ከዚያም የከፋው፤ ከእኛ አንዱ «እስቲ ስማ» ብሎ ቁራጩን አዲስ አበባ ላለ የአጎቱ ልጅ ልኮት ነበር። ይህን ሲነግረን ቀና ብሎ አላየንም። ደወልን፤ ለመንን፤ ያም ልጅ «ደምስሼዋለሁ» አለን። በቃሉ አመንነው፤ ሌላ ልናደርገው የምንችለው ነገር አልነበረም። ዛሬም ይህን ስንናገር እናፍራለን። የሁለተኛው ስሕተታችን ዋጋ ይህ ነው፤ የሰው ምስጢር ከእጃችን ወጥቶ ስለ መመለሱ በእርግጠኝነት መናገር አንችልም።

ለእማማም ሄደን ሁሉንም፤ ወደ አዲስ አበባ መላኩንም ጭምር፤ ነገርናቸው። ከመደበቅ መናገር ይሻላል ብለን ነው። ጥቂት ዝም ብለው «መቼም ልጆች ናችሁ» አሉ። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየንም። ለአንድ ወር ያህልም ወደ ቤታቸው አልሄድንም።

ከወሩ በኋላ ግን ራሳቸው ላኩብን። ስንደርስ ምጣዱ አልተጣደም፤ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። «አሁን ያንን ነገር ትከሉት፤ የማስይዘው አለኝ» አሉ። ከወለጋ በእግር አብረዋቸው የተመለሱትን የዐሥራ አንድ ሰዎች ስም፤ እያንዳንዱ የየት አገር ሰው እንደ ነበረ፤ ማን እስከ የት እንደ ደረሰ አንድ በአንድ ነገሩን። ዐሥራ አንዱ ሁሉ ቤታቸው አልደረሱም። በመጨረሻም «እነዚህን ግን እንዳታጠፉብኝ» አሉ።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ እኛ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ኢያሱ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ ለመታሰቢያ እንዳስቆመ በልጅነታችን ተምረናል። የእማማ ስሞች ለእኛ እንደዚያ ናቸው። አንዲት ሴት የሚጠፋውንና የሚቀመጠውን ራሷ ለየች፤ እኛም ታዘዝን።

ስለዚህ ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን እንመክራለን። አንደኛ፤ አትዘግዩ፤ ፈተና በየዓመቱ ይመጣል፤ አያት ግን አይደገምም። ሁለተኛ፤ የመጽሐፍ ጥያቄ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሥራ እያገዛችሁ ጠይቁ፤ እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታልና። ሦስተኛ፤ ነፋስና ዶሮ የማይሰማበትን ቦታ ምረጡ፤ ቀኑን፤ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ጻፉ፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ። አራተኛ፤ ከሁሉም በላይ፤ ከመቅረጻችሁ በፊትም ከቀረጻችሁም በኋላ ፈቃድ ጠይቁ፤ እስኪፈቀድላችሁም ድረስ ለማንም አትላኩ። ተናጋሪው «ይቅር» ካለ ይቅር።

እናንተ ወላጆቻችንም ልጃችሁ ስልክ ይዞ ወደ አያቱ ሲጠጋ «ሽማግሌ አታስቸግር» ብላችሁ አትመልሱት። እናንተም የምታውቁት አለና እስክታረጁ አትጠብቁ። መምህራኖቻችን ደግሞ ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ መሳቢያ እንድትሰጡን እንለምናለን፤ በእርሱም ውስጥ ባለቤቶቹ የፈቀዱትን ብቻ እናኖራለን።

ልንጨርስ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ከተማችን ሲደርስ እኛ የ14 ዓመት ልጆች ነበርን። ያን ጊዜ ያየነውን እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ለእናቶቻችን እንኳ ያልነገርነው አለን። አንድ ቀን የልጅ ልጆቻችን ምን እንደሚባል በማናውቀው መሣሪያ ሊቀርጹን ከፊታችን ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ አንዱን እንነግራቸዋለን፤ አንዱንም «ይህን አጥፉልኝ» እንላቸው ይሆናል። እንዲሰሙንም እንዲታዘዙንም የምንፈልግ ከሆነ፤ ዛሬ እኛ ቀድመን እንስማ፤ እንታዘዝም።